የመስቀል ሹሩባ

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝና» አሉ ጎረቤታቸው አቶ ዘውዱ፣ ከንፍሮው እየቆነጠሩ፣ «ሄልሜቱን ምን ላይ ሊያውለው ኖሯል? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው ነገሩ።»

ውቢት ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ስባ ከሴቶቹ መሃል ተቀምጣለች። የወንድሟ የደምመላሽ ሰልስት ነው። ሄልሜት እያለው ባዶ ራሱን ሞተር ሲነዳ መሞቱን ድንኳኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ለምን ባዶ ራሱን እንደነዳ የምታውቀው ግን እሷ ብቻ ናት። አንድ ቃል ብትተነፍስ ሐሜቱ ባለበት በቆመ ነበር። አልተነፈሰችም። ዝምታ እንዲህ ቀላል መሆኑን ስታይ ራሷን ጠላችው።

ደግሞ ደምመላሽ የሚቸኩል ሰው ሆኖ ነው? የከብት ሐኪም ነበር፤ ቀበሌ ለቀበሌ በሞተር ሲዞር አህያ ካየ ከሩቅ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ጥሩምባ ሳይነፋ መታጠፊያ አያልፍም፣ ዝናብ ካደረ ፍሬኑን ሳይፈትሽ ከግቢ አይወጣም። ጓደኞቹ ከዝግታው ብዛት «ሙሽራ አጃቢ» ይሉት ነበር። እሱም እየሳቀ «መንገድ ይታያል እንጂ አይታመንም» ይላቸዋል።

ውቢት ከሪያድ የተመለሰችው በነሐሴ ነው። መስቀል ሲቃረብ እናቷ ወይዘሮ አሰለፈች ጉልበታቸው ስር አስቀምጠው ሹሩባ ሠሯት። ቀኑን ሙሉ ፈጀባቸው፤ ሲጨርሱም «በይ እስከ መስቀል አድርሺው» አሏት። በማግስቱ ውቢት አደይ የለበሰውን አገር ካላየሁ ብላ ወንድሟን ያዘችው። በሰው አገር ሳለች በሕልሟ የሚመጣባት ይኸው አደይ ነበር። ደምመላሽ ከጉና ተራራ ግርጌ ወዳለችው ገሳይ ሊወስዳት ሞተሩን አስነሳና ያለውን አንድ ሄልሜት ለእሷ ዘረጋላት።

«ሹሩባዬን ልታፈርስብኝ ነው?» አለችው።

«እንግዲያው እኔም አላደርገውም። እህቱን ባዶ ራሷን አፈናጥጦ እሱ ቆብ ደፋ ልባል?»

ሳቀች። ሄልሜቱን ክንዷ ላይ አንጠልጥላ ተፈናጠጠች።

መንገዱ ውብ ነበር፤ እስካሁን የሚያንገበግባት ይኸው ነው። ጉና ጉሙን ጥሎ ጥርት ብሏል፣ ተረተሩ ሁሉ ቢጫ ነው፣ ገብሱ ገና አረንጓዴ። ትከሻውን እየነካች «ያውልህ፣ ያውልህ» ስትለው «ስንቆም አያለሁ፣ አሁን ዓይኔ መንገዱ ላይ ነው» አላት። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱም እንደ ልማዱ ፍጥነቱን ቀነሰ። ግን ሌሊት ዝናብ ከዳገቱ ያወረደው ጭቃ ጥላው ውስጥ ተኝቶ ነበር። ጎማው ቀስ ብሎ፣ ሰው የሚገፋው ያህል እንኳ ሳይሆን፣ ሸርተት አለ። እሷ ሣር ላይ ወደቀች። እሱን የቦዩ ድንጋይ ተቀበለው። ክንዷ ላይ የነበረው ሄልሜት አንድ ጭረት አልነካውም።

አሁን ሴቶቹ ከጀርባዋ ይንሾካሾካሉ። ወንድሟን ቀብራ ሹሩባዋን አለመፍታቷ አስቆጥቷቸዋል፤ አረብ አገር ልቧን አደረቀው ይላሉ። ውቢት ግን ልትፈታው እጇን ባነሳች ቁጥር ይከዳታል። ብትፈታው፣ ደምመላሽ የሞተው እንዲህ በአንድ ምሽት ለሚፈርስ ነገር መሆኑን ራሷ ልትመሰክር ነው።

አቶ ዘውዱ ወደ እናትየው ዞሩና «ምነው ቀደም ብለሽ በመከርሽው» አሏቸው።

ወይዘሮ አሰለፈች አቀረቀሩ። እንግዳ ፊት የሚያፍር ሰው ድምፅ ነበር የወጣቸው። «ምን ላድርግ፣ ልጅ መች ምክር ይሰማል።»

ይህን ውቢት አልቻለችውም። ባዳ ይማው፤ እናቱ እንዴት ትማው።

«አልቸኮለም፣ አያ ዘውዱ» አለች። «ሄልሜቱን ለእኔ ነው የሰጠኝ። ሹሩባዬ እንዳይፈርስ ብዬ እንቢ አልኩት። እኔ ባዶ ራሴን ሆኜ እሱ ማድረጉን አፈረ።»

አቶ ዘውዱ በእጃቸው የያዙትን ንፍሮ ወደ ሳህኑ መለሱት።

ወይዘሮ አሰለፈች ልጃቸውን ብዙ አዩዋት። «እስከ መስቀል አድርሺው ያልኩሽ እኔ አይደለሁ» አሉ በመጨረሻ።

ነገ ደመራ ነው። ውቢት ተነስታ ሄደች፤ እንደዚያ ቀን እናቷ ጉልበት ስር ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠችና ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደች። ወይዘሮ አሰለፈች እጃቸውን ዘረጉ። አልቸኮሉም። ከማጅራቷ ጀምረው የመጀመሪያውን ጉንጉን ፈቱ።