ፀሐይ ዓይኔን ወጋችኝ

ወረቀቱን የምታነበው የልብስ ሰፊው ልጅ ነበረች። አባቷ የተሰበረ ቀኝ እግሩን በርጩማ ላይ ዘርግቶ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ያዳምጣል። የዳቦ ማከፋፈያ መኪናው ሹፌር ደንበኞች ልብሳቸው እስኪተኮስ በሚጠብቁበት አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ኮፍያውን በሁለት እጁ ያሽከረክራል።

«‹አሽከርካሪው ፀሐይ ዓይኑን ስለወጋችው መንገደኛውን ሊያየው አልቻለም› ይላል» አለች። «‹ተጎጂውም ይህን ተረድቶ በአሽከርካሪው ላይ ቅሬታ እንደሌለው በፊርማው ያረጋግጣል።›»

«እንዲያ ነው» አለ ልብስ ሰፊው። «በይ ብዕር አምጪ።»

ፊርማው ካረፈ ነገሩ ያልቃል። የሹፌሩ መንጃ ፈቃድ ይመለስና ከነገ ወዲያ መሪ ይጨብጣል። ካላረፈ ፍርድ ቤት ይቆማል።

ከሦስት ሳምንት በፊት የትራፊክ ፖሊሱ «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ ሲጠይቀው፣ «ፀሐይ ዓይኔን ወጋችኝ» የምትለው ቃል ሳያስባት ከአፉ ወጣች። ውሸት ነበረች። ዓይኑ መንገዱ ላይ አልነበረም። ፖሊሱ ጻፋት፤ የሹፌሩ አለቃ ደገማት፤ ሚስቱ ለጎረቤት አወራቻት። ሰው ሁሉ ሲቀባበላት ከርሞ፣ አንዳንድ ቀን እሱ ራሱ ሊያምናት ይቃጣው ነበር። እዚህ ቤት ሲገባ ግን ትከብደዋለች።

በመስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዋ ጨርቅ ለብሳ ቆማለች። በእግር የምትረገጥ ናት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማንም አልረገጣትም። ሹፌሩ ወደዚያ ላለማየት አቀርቅሯል።

«ምን አቀረቀርክ?» አለው ልብስ ሰፊው። «እኔና አንተ እኮ ሁለታችንም ባለመኪና ነን። ያንተ መኪና የኔን መኪና አቆመቻት። የመኪኖች ጠብ ነው፤ እኛ ምን አገባን!» ብሎ ሳቀ። ሲስቅ እግሩን አመመውና ከንፈሩን ነከሰ።

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ።»

«እሱን ለፀሐይዋ ንገራት።»

ልጅቱ ብዕር ፍለጋ መሳቢያውን ስትከፍት ክፍሉ ቀላ። ፀሐይዋ ከፊት ለፊት ካለው መጋዘን ጣሪያ ላይ ወርዳ መስኮቱን ሞልታው ነበር።

«አንቺ መምህር» አለ አባቷ፣ «ቀኑን ሙሉ ነጭ ሆና ስታቃጥለን ውላ፣ ሲመሽ ምን ነክቷት ነው የምትቀላው?»

ልጅቱ ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ ታስተምራለች። መሳቢያውን እያመሰች መለሰች። «ብርሃኗ የብዙ ቀለም ድብልቅ ነው አባዬ። እኩለ ቀን ላይ አናታችን ላይ ስለሆነች የሚያቋርጠው አየር ጥቂት ነው። ስትጠልቅ ግን በአግድም ስለሚመጣ ብዙ አየር ያቋርጣል። ሰማያዊው መንገድ ላይ ተበታትኖ ይቀራል፤ እኛ ጋ የሚደርሰው ቀዩ ነው።»

«እንደ ርካሽ ጨርቅ በዪኛ! በየእጥበቱ ቀለም እየለቀቀች።»

«ይሁንልህ። ጉልበቷም አብሮ ያልቃል፤ አቧራ ካለማ ጭራሽ ትደክማለች። ለዚህ ነው ቀን ትኩር ተብላ የማትታየውን አሁን ፊት ለፊት የምናያት።»

ሹፌሩ ኮፍያውን ማሽከርከር ተወ።

ልብስ ሰፊው ፀሐይዋን ሲያይ ቆየ። ድምፁ ዝቅ ብሎ ወጣ። «ያን ዕለትም እንዲሁ ነበረች፤ እንደ ካውያ ፍም ቀልታ። ለሰው አልተናገርኩም፣ አፍሬ። እኔ እኮ እየተሻገርኩ አልነበረም። መሃል አስፋልት ላይ ተገትሬ እሷን ሳይ ነበር፤ እንደ ሕፃን አፌን ከፍቼ። ታዲያ አንተን ከስሼ እንቅልፍ ሊወስደኝ ነው? ጥፋቱ የኔ ነው።»

ልጅቱ ብዕሩን ይዛ ዞረች። አባቷን አላየችም፤ ሹፌሩን አየችው። ቀጥላ ወረቀቱን። ዓይኗ ‹ፀሐይ ዓይኑን ስለወጋችው› የሚለው መስመር ላይ ቆመ። ብዕሩን ለአባቷ ሰጥታ፣ እጇን አጣጥፋ ቆመች።

ብትጮህበት ይሻለው ነበር። ዝም ቢል ያልፋል፤ ያወቀች እሷ ብቻ ናት፣ እሷም ማስረጃ የላትም። ሽማግሌው ግን በቀረው ዕድሜው ፀሐይ በጠለቀች ቁጥር ራሱን ሲከስ ይኖራል። እግሩን ሰብሮበት አልበቃ ብሎ፣ ጥፋቱንም ሊያሸክመው ነው።

የብዕሩ ጫፍ ወረቀቱን ነካ።

«ይቆዩ ጋሼ!» ድምፁ የራሱ አልመሰለውም። «አልወጋችኝም። ብርቱካን እየላጥኩ ነበር። በሁለት እጄ፣ መሪውን በክንዴ ደግፌ። ቀና ስል እርስዎ ነበሩ።»

ልብስ ሰፊው ብዕሩን ከወረቀቱ ላይ አነሳው፤ አላስቀመጠውም። የሹፌሩን እጆች ነበር የሚያየው።

«ጣፋጭ ነበረ?» አለ በመጨረሻ።

«አልቀመስኩትም ጋሼ። ከእጄ ወደቀ።»

ልብስ ሰፊው ብዕሩን እንደያዘ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። የፀሐይዋ ግማሽ ገና አልጠለቀም። ሹፌሩም አብሮት ከማየት በቀር የሚያደርገው አጣ።