በጀርባዋ የማትተኛዋ

ስርጉት በጀርባዋ ተኝታ ካደረች ሁለት ክረምት አልፏል። ማታ ማታ ወንድሟ ወሰን የማሽላውን ጆንያ ከግድግዳው ያስጠጋላታል፤ እሷም እሱን ተደግፋ፣ ቁጭ እንዳለች ታሸልባለች። ጎረቤቱ "ስርጉት እንደ ሰው አትተኛም" ይላል። ሰው ሲባል አይሰለቸውም፤ አንዲት ጀርባ ዕድሜ ልኳን ወሬ ትሆነዋለች።

ጀርባዋ መጣመም የጀመረው በልጅነቷ ነው። ወላጆቿ በደርግ ጊዜ ከወሎ ተነሥተው አሶሳ ዙሪያ የሰፈሩ ገበሬዎች ነበሩ። እናቷ እርሻ ሲውሉ ሕፃኑን ወሰንን አዝላ የምትውለው ስርጉት ነበረች። አንዱ ትከሻዋ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ማለት ሲጀምር እናትየው "ይኼ ድብልብል ነው ያጎበጣት" አሉ። ቀልዳቸውን ነበር። ልጁ ግን ቀልዱን ይዞት አደገ፤ እናቱ ከሞቱም በኋላ አልለቀቀውም።

አምና ትንፋሽ እያጠራት የስፌት መኪናዋን መርገጥ ሲያቅታት፣ አሶሳ ወስዶ አሳከማት። ሐኪሟ የራጅ ሥዕሉን ወደ መስኮቱ አንሥታ አሳየችው። የተጣመመው አከርካሪ ደረቷን አጣቦታል፤ ሳንባዋ እንደልቡ አይነፋም፤ ልቧም በዚያ በጠበበ ሳንባ ውስጥ ደም ለመግፋት ሲታገል ኖሮ አሁን ደክሟል፤ እግሯ የሚያብጠው ለዚህ ነው አለችው። ወሰን ይኼ ሁሉ ሲነገረው ቆይቶ፣ ልጅ በማዘል ይመጣ እንደሆነ ጠየቃት። "አይመጣም" አለችው። "አደራ፣ በጀርባዋ እንዳታስተኟት።"

በነሐሴ፣ አንድ ቀን ጠዋት ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ትከሻዋ ከትንፋሿ ጋር እየተነሣ እየወደቀ አገኛት። ባጃጅ የሚደርሰው እስከ ወንዙ ማዶ ነው። ወሰን ወደ ሰፈሩ ዕድር፣ ወደ ቅሬው ሮጠ።

የዚያ ሰፈር ቅሬ ለቀብር ብቻ አይደለም፤ በሽተኛም የሚሸከመው እሱ ነው። ወንዶቹ የቀርከሃ ቃሬዛቸውን ይዘው ከተፍ አሉ። የቅሬው ዳኛ አያ አበጀ ከፊት ናቸው፤ የወሰንን አባትና እናት ያስቀበሩ፣ እሱንም ክርስትና ያነሡ ሰው።

"በሉ አስተኟት። ደኅና አርጋችሁ እሰሯት" አሉ።

"አያ፣ ሐኪሟ ቁጭ እንዳለች ነው ያለችው።"

"ቃሬዛ ላይ ቁጭ? ወንዙ መኻል ብትገለበጥስ? እኛ እኮ ሰው መሸከም ዛሬ አልጀመርንም፣ ልጄ።"

የለውዝ እርሻው ከወሰን ጋር የሚዋሰነው ሙዐዊያ ጩኸቱን ሰምቶ መጥቶ ነበር። የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው፤ ቅሬው ውስጥ የለበትም። "ወላሂ አያ፣ እሱ መተኛት አይችልም" አለ ወንድና ሴት በማይለይ አማርኛው፣ ወደ ስርጉት እያሳየ። "ወንበር እንሰር። ተቀምጦ ይሂድ።"

"በወንበር ተሸክመን የምናዞራት ሙሽራ ናት እንዴ?" አሉ አያ አበጀ። አንድ ሁለቱ ሳቁ።

ሁሉም ወደ ወሰን ዞሩ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። እውነት ነው፤ በወሰን አፍ ምንም አልገባም፣ ምንም አልወጣም። የክርስትና አባቱን በሰው ፊት እንዴት ይቃወማል? አፈረ። ካፈረ በኋላ ደግሞ ሰውነቱ ሁሉ ደነዘዘ፤ ገመዱን ሲያቀብላቸው እጁ የሌላ ሰው እጅ መሰለው።

አስተኟት። ጉብታዋ ወደ አንድ ጎን ቢጥላት ጋቢ አጥፈው ጎዘጎዙላት፤ ዝናቡ እንዳይመታትም ፊቷን በነጠላ ሸፈኑት። ክፉ ሰው በመካከላቸው አልነበረም። ከልባቸው ነበር የሚሸከሙት።

ወሰን በራስጌዋ በኩል ያዘ። መንገዱ ጭቃ ነው። የላስቲክ ጫማው ጭቃ ውስጥ እየቀረ ሲያስቸግረው ስለ ጫማው ብቻ አሰበ። ከነጠላው ሥር የሚሰማው ድምፅ ድስት ሊገነፍል ሲል እንደሚያሰማው ነበር። ነጠላው ወደ አፏ ይገባል፣ ይወጣል። እጇ ወጥቶ የእሱን እጅ ጨመደደ።

"ቀና… ቀና…"

"ደረስን፣ እታለም።"

አልደረሱም። ወንዙ ገና ታች ነው። ጥቂት እንደሄዱ ጭምደዳው ላላ።

"አውርዱ!" አለ ወሰን። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። "አውርዱ አልኩ!"

አወረዱ። ገመዱን ፈታ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ተንበረከከ። "አሳዝሉኝ።" አያ አበጀ ራሳቸው ብብቷን ይዘው አነሡለት፤ ጋቢውንም በደረቱ ላይ ቋጠሩለት።

ደረቷ ጀርባው ላይ፣ አገጯ ትከሻው ላይ ሆነ። ትንሽ ቆይቶ ትንፋሿ ማጅራቱን መታው። መጣ። ደግሞ መጣ።

"ድብልብል…" አለችው።

"ዝም በይ፣ ትንፋሽሽን ያዢ።"

"አሁን… የኔ… ተራ ነው።"

ወሰን ሊስቅ ፈለገ፤ አልመጣለትም። ወንዙ እስከ ጭኑ ደረሰ። ሙዐዊያ ከላይ በኩል ቆሞ ውሃውን በገላው እየሰበረለት፣ ክንዱን ይዞ አሻገረው። አያ አበጀ በዚያ ዕድሜያቸው ከኋላ ገብተው እግሯን ወደ ላይ አነሡላት።

ከወንዙ ማዶ የማንጎ ዛፎች አሉ፤ ከማንጎዎቹ ማዶ ባጃጁ ቆሟል። ወሰን የሚሰማው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማጅራቱ ላይ የምትመጣው ሙቀት። ትመጣለች፣ ትቀራለች። ትመጣለች። ማንጎዎቹ ሥር ሲደርስ ቀረች። ቀጣዩን ጠበቀ። ከቅጠሉ የሚንጠባጠበው ውሃ ማጅራቱን ሲመታው እሷ መሰለችው፤ ውሃው ግን ቀዝቃዛ ነበር። አገጯ ከትከሻው ላይ ወደ ደረቱ ተንሸራተተ።

አወቀ። ማወቁ ግን ምንም አላደረገውም። አላለቀሰም፣ አልቆመም። እግሩን ከጭቃው ነቀለ፣ ተከለ።

ቃሬዛውን ባዶውን የያዙት ወንዶች ደረሱበት። አያ አበጀ ከጎኑ ሆነው አዩት፤ ዐይናቸው ቀልቷል።

"ደክሞሃል፣ ልጄ። አሁን እንኳ ሜዳ ነው፤ ስጠንና ቃሬዛው ላይ እናድርጋት።"

"አልከበደችኝም፣ አያ" አለ ወሰን።

ትንፋሿ መቅረቱን ከነገራቸው ያስተኟታል። ስለዚህ አልነገራቸውም፤ ቋጠሮውን አጠበቀና ወደ ባጃጁ መሄዱን ቀጠለ።