ጥርስ የሌለው ሞተር

አፋቸው ውስጥ የቀሩት አራት ብቻ ቢሆኑም አባ ጥርስ ይሏቸዋል። በአንድ ፋብሪካ ውስጥ ለክብደት ማንሻ ማሽን የማርሽ ጥርስ ሲቀርጹ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። ሞተር በፍጥነት ይሽከረከራል፤ የእሳቸው ጥርሶች ፍጥነቱን ቀንሰው ጉልበት ያደርጉታል። እንጀራቸው ይኸው ነው።

አሁን ግን የልጃቸው ባል፣ መሐንዲሱ፣ ጥርስ የማያስፈልገው ሞተር ሠራ። እንደ ጋሪ ጎማ የሰፋ፣ ዙሪያውን አርባ ቋሚ ማግኔት የተለጠፈበት፣ ቀስ ብሎ እየዞረ በራሱ ጉልበት አንድ ቶን ያነሳል የተባለለት። ካነሳ የአባ ጥርስ ክፍል ይዘጋል፤ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ሳትሸፋፍን ነግራቸዋለች።

ሁለቱ ከተኳረፉ ዓመት አልፏል። የሚነጋገሩት እዚያው ሽቦ ጠምጣሚ በሆነችው ልጃቸው በኩል ነው። ሰኞ ዕለት ማግኔት ያለበትን፣ ከበሮ የሚሉትን የሞተሩን ክብ ብረት ዘንጉ ላይ መግጠም ለአባ ጥርስ ደረሰ፤ ለዚያ እጅ ያለው ሌላ ሰው የለም።

«አባዬ፣ እንዳታሞቀው ብሏል። እንደቀዘቀዘ በመጫኛ ማሽኑ ተጭነህ አስገባው።»

«ብሏል? ዘንግ መግጠም ሊያስተምረኝ! እሱ ሳይወለድ እገጥም ነበር በይው።»

«ማግኔቱ ሙቀት አይችልም አባዬ። ይሞታል።»

«እንደ ባለቤቱ፤ ገና ሳይነኩት!»

እሷ ዞር ስትል ከበሮውን እንደ ልማዳቸው ማሞቂያው ውስጥ ከተቱት። ብረት ሲግል ይሰፋል፣ ሲበርድ ዘንጉን ነክሶ ይይዛል። እንትፍ አሉበት፤ ምራቁ ቸስ ብሎ ጠፋ። ልክ ነው ብለው ዘንጉ ላይ ገጠሙት።

ሐሙስ ሲሞከር ሞተሩ አጉረመረመ፤ ጭነቱን አንድ ስንዝር አነሳና ቀጥ አለ።

«ድድ ብቻውን ይነክሳል እንዴ?» አሉ አባ ጥርስ፣ ሁሉም እንዲሰማ።

መሐንዲሱ ሞተሩን ፈትቶ ማግኔቱ ላይ ብሎን አስጠጋ። ከእጁ መንጭቆ ሊወስደው ይገባ ነበር፤ ብሎኑ ግን ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ሞቋል» አለ። ያየው ሚስቱን ነው። «አልነገርሻቸውም?»

ልጅቷ የወደቀውን ብሎን ከወለሉ አነሳች።

«ይህን ማግኔት ስምንት ወር ጠብቄዋለሁ» አለች ሥራ አስኪያጇ። «አንዲት ቃል ማድረስ ለማይችሉ ባልና ሚስት ሌላ አላዝም። በቃ፣ ወደ ጥርሱ እንመለሳለን። አንቺ ዕቃሽን ሰብስቢ።»

አባ ጥርስ ልጃቸው «ነግሬዋለሁ» ትላለች ብለው ጠበቁ። አላለችም። ጓንቷን ማውለቅ ጀመረች። እሳቸው ዝም ካሉ ክፍላቸው ተረፈ።

አንደኛው ጓንት ወለቀ።

«ነግራኛለች» አሉ። «አውቄ ነው ያሞቅኩት። ሌላ ማግኔት እዘዢለት።»

ሥራ አስኪያጇ ወደ እሳቸው ዞረች። «እንግዲያው ሌላ ይታዘዛል፤ ልጅዎም ትቆያለች። እርስዎ የክፍሉን ቁልፍ ለመሐንዲሱ ያስረክቡ።»

መሐንዲሱ ተጠጋ። «አመሰግናለሁ አልልዎትም።»

«ማን ለመነህ? አንተን ብዬ መሰለህ?» ቁልፉን ለልጃቸው ዘረጉ።

እጇን አልዘረጋችም። «እራስህ ስጠው አባዬ። ካሁን በኋላ በመካከላችሁ አልመላለስም።»

አባ ጥርስ ቁልፉን መሐንዲሱ መዳፍ ላይ ጣሉት። «ትልቁ የጥርስ መቁረጫ ማሽን ዘይቱ ሲያልቅ ይጮሃል። ጠዋት ጠዋት አጠጣው።»

«አያስፈልግም» አለ መሐንዲሱ። «ቅዳሜ ለቁርጥራጭ ብረት ይሸጣል።»