የፊቱን ቆለፍሽው?

…ደረቅ ነው አለኝ እኮ፣ ዝናቡ ካባራ ቆይቷል፣ በአቋራጩ ነይ፣ ዳገቱ ደረቅ ነው አለኝ ወንድም ጋሼ፣ መቼ አይቶት ነው፣ ያላየውን ነገር እንደ እሱ አስረግጦ የሚናገር ሰው ከየት ይገኛል፣ ይኸው ጭቃው ጎማውን ውጦ መርገጫው ላይ ደርሷል፣ ነዳጅ ስሰጠው ይጮሃል፣ እግሬን ሳነሳ ዝም፣ ስሰጠው ይጮሃል፣ ጎማ ይዞራል መኪና አይሄድም፣ ከድጡ ወደ ማጡ እያልኩ ዕድሜዬን ሙሉ ስተርት ኖሬ ማጡ ምን እንደሆነ ዛሬ ገና አየሁት። ወደ ኋላ እንዳልል ቦዩ አለ፣ ሽቅብ እንዳልል ይኸው። አባዬ አጠገቤ ተቀምጧል። የኮቱን ቁልፎች እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ሰርግ የተጠራ ሰው ይመስላል። የፊቱን ቆለፍሽው? ይላል። ቆልፌዋለሁ አባዬ፣ እለዋለሁ፣ ድምፄ ውስጥ ያለችው ምሬት ለራሴም ትሰማኛለች።

ከቤት ከወጣን ጀምሮ ይኼው ነው። የፊቱን በር ማለቱ ነው፣ ወደ መንገድ የሚያወጣውን፣ የጓሮው በር መኖሩን እንኳ ረስቷል፣ አንዳንድ ቀን እኔኑ በእማዬ ስም ይጠራኛል፣ እማዬ ከሞተች ስንት ጊዜዋ፣ ያንን በር ግን አይረሳም። እንዴት ይረሳዋል፣ በዚያ በር ነው የወጣው፣ እኔ ሥራ ሄጄ እሱ ኮቱን ለብሶ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሲፈልገው ውሎ መናኸሪያ ተገኘ፣ የማያውቀውን ሰው መኪና ጎማ በእግሩ እየመታ፣ ነፋሱ ወርዷል፣ በዚህ ነው ሰው ጭነህ የምትሄደው ብሎ ሹፌሩን ሲቆጣ። ሹፌሩ ደግሞ ጨዋ ልጅ፣ እሺ አባቴ እሺ አባቴ እያለ ያናግረዋል። ሳቅኩ፣ ቤት ስንገባ ግን አለቀስኩ፣ ከዚያ ወዲህ ስወጣ ከውጭ እቆልፋለሁ፣ ምን ላድርግ፣ ቁልፉ ሁለቴ ቋ ቋ ይላል፣ ከበሩ ወዲያ ድምፁ ይመጣል፣ የፊቱን ቆለፍሽው? ቆልፌዋለሁ አባዬ። ሌባ ፈርቶ ነው ብዬ ነበር፣ እኛ ቤት ደግሞ ሌባ ምን ሊያደርግ ይመጣል። ሌባ አይደለም የፈራው። ተይው አሁን፣ መሪሽን ያዢ።

መሪ፣ መስታወት፣ ምልክት። እኔ እኮ መኪና አስተማሪ ነኝ፣ ቲቸር ነው የሚሉኝ፣ አስፋልት ላይ፣ በትንሽ ቀይ መኪና፣ ሁለት ፍሬን ያላት፣ አንዱ ለተማሪው አንዱ ለእኔ፣ ሰው ላይ ሊወጡ ሲሉ እረግጣለሁ፣ አይዞሽ፣ መሪው ላይ አትንጠልጠዪ፣ ባልሽ አይደለም አይሄድብሽም እላለሁ፣ ይስቃሉ። ዳገትና ጭቃ ግን በወሬ ነው የማውቀው፣ በአባዬ ወሬ፣ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ዋኝታ ማለት እኔ ነኝ። መኪናው የእሱ ነው፣ መንገድ የሌለበት አገር መንገድ ቀያሾችን ሲያመላልስ የኖረበት፣ ጡረታ ሲወጣ ከመሥሪያ ቤቱ የገዛው፣ ከእኔ እኩል ያደገ። ሦስታችንን አብሮ አሳድጎናል፣ ወንድም ጋሼን፣ እኔን፣ ይኼን ብረት፣ ከሦስታችን ማንን ይወድ እንደነበር ግን አልጠይቅም። ዛሬ የእኔን ቦታ የያዘው አባዬ ነው፣ የአስተማሪዋን ወንበር፣ ቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጣል፣ ፍሬን በሌለበት ፍሬን ይፈልጋል።

እናስብ። እንደ ሰው እናስብ። ትንሿን ዘንግ ወደ ከባዱ ማርሽ ስቤያታለሁ፣ አራቱም ጎማ ጉልበት አለው፣ ታዲያ ለምን አይወጣም፣ ቲቸር መልሺ፣ ሰሌዳ ላይ ስትስይው የምትውይው ምንድን ነው፣ መኪና ሲታጠፍ የውጪው ጎማ ብዙ ይሄዳል የውስጡ ትንሽ፣ ዲፈረንሻል የሚባለው ለሁለቱም እንደየመንገዳቸው ያካፍላል፣ መልካም ነው፣ አንድ ክፉ ዐመል ግን አለው፣ አንደኛው ጎማ ጭቃ ከገባ ጉልበቱ ሁሉ ለሚንሸራተተው ይሄዳል፣ ደረቅ የያዘው ቁጭ ብሎ ያያል። ይኼን ባስተማርኩ ቁጥር ወንድም ጋሼ ትዝ ይለኛል። እሱ ደረቅ ላይ ነው፣ ሁሌም፣ ስልክ ይደውላል፣ አባዬ እንዴት ነው፣ ደህና ነው፣ አይዞሽ፣ እሺ። አይዞሽ! ሌሊት ተነስቶ ሥራ ረፈደብኝ ብሎ ሲጮህ ጫማውን የምደብቀው እኔ፣ አይዞሽ ባዩ እሱ። ዲፈረንሻሉ ሲቆለፍ ግን ሁለቱ ጎማዎች አንድ ላይ ይዞራሉ፣ ወደዱም ጠሉም።

የመቆለፊያው ማዞሪያ ዳሽቦርዱ ላይ አለ፣ አንዴ ሲጠመዘዝ የኋላውን ይቆልፋል፣ ሁለቴ ሲጠመዘዝ የፊቱንም። ሁለተኛውን ነክቼው አላውቅም፣ ማንም ነክቶት አያውቅም፣ ልጆች ሆነን ስንነካካ እጃችንን ነበር የሚመታን። የፊቱን የቆለፈ መሪውን ሸጠ፣ ይል ነበር አባዬ፣ የሱ የብቻው ተረት ነው፣ ሌላ ሰው ሲል ሰምቼ አላውቅም። ገበታ ላይ ስንቴ አወራልን፣ አንድ ባልንጀራው ነበር አሉ፣ ጥድፊያ የሚባል፣ ስሙ ሳይሆን ሥራው፣ የፊቱን ቆልፎ ዳገት ወጣ፣ ወጣና ደስ አለው፣ ደስ እንዳለው ሳይከፍተው መሪውን ጠመዘዘ፣ አክስሉ፣ የጎማው ዘንግ፣ እንደ ሸንኮራ ቀጭ። የፊቱ ሲቆለፍ ቀጥ ብሎ መሄድ ነው፣ መታጠፍ የለም፣ ሐሳብ መቀየር የለም፣ ይል ነበር። አሁን ጥድፊያን ብጠይቀው ማነው ይለኛል። ባትጠይቂው ይሻላል።

ሐሳብ መቀየር የለም። ለዚህ አይደል በአቋራጩ የመጣሁት፣ አስፋልቱ ዙሪያውን ይሄዳል፣ ረጅም ነው፣ ረጅም መንገድ ላይ ሰው ያስባል፣ ካሰብኩ እመለሳለሁ፣ ራሴን አውቀዋለሁ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ ይኸው እየለቀምኩ ነው። ከኋላ ወንበር ላይ ሻንጣው አለ፣ ልብሱ፣ ምላጩ፣ ያቺ ካልሆነች እንቅልፍ የማይወስደው አረንጓዴ ብርድ ልብስ። ሻንጣው ምንድን ነው አለኝ ጠዋት፣ ወንድም ጋሼን ልንጠይቅ ነው አልኩት፣ ዐይኔን በጨው አጥቤ፣ ለጥየቃ ብርድ ልብስ ይዞ የሚሄድ ማነው፣ እሱ ግን ጎበዝ፣ ሰው መጠየቅ ጥሩ ነው አለና ኮቱን ለበሰ። አልዋሸሁም፣ ትንሽ ቀን አልኩ እንጂ ትንሹ ስንት እንደሆነ አልተናገርኩም። ወንድም ጋሼ አምጪው ካለ በኋላ ስልኩን ሚስቱ ተቀበለችው፣ ክፉ ሴት አይደለችም፣ እግዜር ያያል፣ ደግ ልሁን ብላ ነው፣ አታስቢ፣ ግቢያችን ጥሩ ቁልፍ አለው አለችኝ።

ግቢያችን ጥሩ ቁልፍ አለው።

ከዚያ ወዲህ ይቺ ነገር ጥርስ ውስጥ እንደገባች ሥጋ፣ በምላሴ ብነካካት አትወጣም። እኔስ ምን የተሻልኩ ነኝ፣ የእኔም በር ቁልፉ ጥሩ ነው። ደክሞኛል። እወደዋለሁ፣ ደክሞኛል፣ ሁለቱም እውነት ነው፣ አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም። ፀሐይዋ ወደ ጋራው እያዘነበለች ነው፣ እዚህ ብናድርስ፣ ይበርደዋል፣ ወርዶ ልግፋ ይላል፣ እንደ እሱ አባባል ዛሬም ጎረምሳ ነው። ተነሺ። አንዴ ጠምዝዢው። ቀጭ። መብራቷ ብልጭ ድርግም ትላለች፣ ጥርሱ እስኪገጥም ነው፣ ቀስ ብለሽ ነዳጅ ስጪው፣ በራች፣ የኋላው ተቆለፈ፣ መኪናው ይንፈራገጣል፣ ጥቂት ፈቀቅ ይላል፣ ና፣ ና የእኔ ጌታ፣ እና ይቆማል። የፊት ግራው ጎማ በባዶ ይዞራል፣ ጭቃ መስታወቱ ላይ ይረጫል፣ የቀኙ ድንጋይ ረግጦ ቆሞ ያየዋል፣ ወንድም ጋሼ ነፍሱን አይማረው፣ ኧረ ይማረው፣ ምን አስቀባጠረኝ።

የፊቱን ቆለፍሽው?

ቆል… እላለሁ፣ አልጨርሰውም። ፊቱን አየዋለሁ። እኔን አይደለም የሚያየው፣ መንገዱን አይደለም፣ ማዞሪያውን ነው፣ ወይም ከማዞሪያው ጎን ያለውን ሰዓት ነው፣ ወይም ምንም አያይም፣ እኔ ምኑን አውቄ። የቱን ፊት? የበሩን ነው የጎማውን? ፊት የሚባል ቃል ራሱ ጉደኛ ነው፣ በፊት ያልነው ያለፈው ነው፣ ወደፊት ያልነው ገና የሚመጣው፣ ሰው ታዲያ የቱ ጋ ነው የቆመው። ማዞሪያውን ስነካ ይመታኝ የነበረው እጁ ጉልበቱ ላይ ነው፣ አይከለክለኝም፣ ያ ሁሉ ተረት የት ሄደ። አልቆለፍኩትም አባዬ፣ እለዋለሁ ቀስ ብዬ፣ ልቆልፈው? ኮቱን ያስተካክላል።

ሁለተኛውን ጠመዘዝኩት።

ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም፣ ያዘ፣ መሪው ደርቆ እጄ ውስጥ ቆመ፣ ሁለቱም ጎማ አንድ ላይ ጭቃውን ነከሰ፣ አንድ ላይ፣ የእግዜር ያለህ፣ ድንጋይ የያዘውም ይገፋል፣ አፍንጫው ተነሳ፣ ሰማይ ብቻ ነው የማየው፣ ነዳጁን አትጨምሪ አትቀንሺ፣ ቀጥ፣ ቀጥ ብለሽ፣ ሻንጣው ከኋላ ተንሸራቶ በሩን መታው፣ አባዬ እጀታውን ይዟል፣ ዐይኖቹ በርተዋል፣ እንዲህ ካየሁት ስንት ጊዜ ሆነ፣ ከንፈሩ የሆነ ነገር ይላል፣ ለእኔ ይሁን ለመኪናው አላውቅም፣ ጭቃው አለቀ፣ ጠጠር ነው፣ ጠጠሩ ከሥር ይንጫጫል፣ ላዩ ላይ ነን። ወጣን። አባዬ ወጣን!

ስልኬ ይጮሃል። ወንድም ጋሼ ነው፣ ይጩህ። መንገዱ እዚህ ለሁለት ይከፈላል፣ ቀኙ ታች ወደሚያብረቀርቁት ቆርቆሮዎች፣ አንደኛው የእሱ ነው፣ ጥሩ ቁልፍ ያለው፣ ግራው ወደ አስፋልቱ፣ ዙሪያውን ሄዶ ወደ ቤት። ወደ ቀኝ ነው፣ ይኼ ሁሉ ጭቃ ወደ ቀኝ ለመሄድ ነው፣ መሪውን ወደ ቀኝ እስባለሁ፣ እምቢ፣ እስባለሁ፣ ግድግዳ የምጎትት ይመስል፣ ከሥር አንድ ነገር ይንቋቋል፣ ትከሻዬን ጨምሬ እታገላለሁ፣ ተሳብ፣ ተሳብ፣ ላድርሰውና ይውጣልኝ፣ ዕንባዬ ከየት መጣ፣ እና እጁ፣ ያ ትልቅ እጁ፣ መሪው ላይ፣ እጄ ላይ።

ሚጡ፣ ይላል። በእማዬ ስም አይደለም፣ በእኔ፣ በልጅነቴ ስም።

ሚጡ፣ ከቆለፍሽው በኋላ እኮ አይታጠፍም። ምን ያታግልሻል? ክፈቺውና ወደምትሄጂበት ሂጂ።

እከፍተዋለሁ። ማዞሪያውን ወደ ዜሮ እመልሳለሁ፣ መብራቷ ግን አትጠፋም፣ በርታ ታየኛለች፣ ጥርሱ ተናክሶ ቀርቷል፣ አልጠፋም አባዬ እላለሁ፣ እንደ ተማሪዎቼ፣ እንደዚያች መሪው ላይ እንደምትንጠለጠለዋ። ትንሽ ወደ ኋላ በያ፣ ይላል፣ ተናዶብኝ፣ ይኼ ይጠፋሻል? ወደ ኋላ ስትይለት ይለቃል። የኋላ ማርሽ አስገባለሁ፣ ጠጠሩ ይንጫጫል፣ ጥቂት፣ በጣም ጥቂት፣ እና ከሥር አንድ ነገር ቋ ብሎ ይለቃል፣ መብራቷ ጠፋች፣ መሪው ከእጄ ሥር ቀለለ።

ስልኩን አነሳዋለሁ። የት ደረስሽ ይላል፣ ላይ ነኝ፣ ታዲያ ነይ እንጂ፣ ወንድም ጋሼ አንተ ና፣ እንዴት እኔ ልምጣ፣ እሁድ እሁድ አንተ ና፣ ከእሱ ጋር እደር፣ እኔ ልተኛ፣ አቋራጩ ደግሞ ደረቅ አይደለም፣ በአስፋልቱ ና። እሺ ይላል፣ አይዞሽ አላለም። ሌላው ቀንስ፣ ሥራስ፣ ቀዩዋ የማስተማሪያ መኪና ውስጥ የኋላ ወንበር አለ፣ ባዶውን ነው የሚውለው፣ እዚያ ይቀመጥ፣ ተማሪዎቼን ይስደብ፣ የመኪናዋ ባለቤት ይጮህ ይሆናል፣ ይጩህ፣ ሁለት ፍሬን ላላት መኪና ሦስተኛ ቢጨመር ማን ይሞታል፣ አላውቅም፣ ይሆን እንደሆነ አላውቅም፣ ነገ አየዋለሁ።

አባዬ እጁን ወደ ጉልበቱ መልሷል። ኮቱን ያስተካክላል፣ መንገዱን ያያል፣ ዐይኖቹ ውስጥ የበራው ነገር ቀስ እያለ ይወርዳል፣ አየዋለሁ፣ ልይዘው አልችልም።

የፊቱን ቆለፍሽው? ይላል።

ከፍቼዋለሁ አባዬ።

ከፈትሽው? ዞር ብሎ ያየኛል፣ ይመነኝ አይመነኝ የሚያመነታ ያህል። እንግዲያ ታጠፊ፣ ይላል፣ እና ወደ ግራ እታጠፋለሁ።