የሞቁት ከረጢቶች

ከረጢቱ ሞቅ ብሎ ነበር። ከረጢት ሰፊዋ ይህን ያወቀችው የተበጠሰ ክር ለመቀጠል ጓንቷን አውልቃ፣ አፉን ሰፍታ በጨረሰችው የልብስ ማንጫ ዱቄት ከረጢት ላይ እጇ ሲያርፍ ነው።

የማሸጊያው ክፍል ሕግ አንድ ነበር፤ ከረጢት ሳይሰፋ በፊት በባዶ እጅ ይነካል። ዱቄቱ የሚሠራበት ሶዳ ፐሮክሳይድ ከሚባለው ኬሚካል ጋር ተዋህዶ፣ ደርቆ፣ ቀዝቅዞ መምጣት አለበት። ሳይቀዘቅዝ ከታሸገ ውስጥ ውስጡን እየጋለ ይሄዳል፤ አንዱ ሌላውን ያሞቃል፣ መጨረሻው እሳት ነው። ዛሬ ግን ዱቄቱ ያነጣቸው ጣቶቿ ሲለበልቧት ጊዜ ማንንም ሳታስፈቅድ ጓንት አጠለቀች።

ቀና ብላ የዱቄቱን ማቀዝቀዣ አየች። ማራገቢያው ቆሟል። ከመቼ ጀምሮ? አሥራ ስምንት ከረጢት ወደ መጋዘን ገብቷል። መጋዘኑ ውስጥ ደግሞ መጋዘን ያዥ የሆነችው ልጇ አለች።

"ዛሬ ደግሞ ምን ታየሽ፣ እትዬ ሳይረን?" አለ የፈረቃ ኃላፊው፣ ስትሮጥ ሲያያት። ባለፈው ወር የቧንቧ እንፋሎት አይታ "ጭስ!" ብላ ሠራተኛውን ሁሉ ግቢ ካስወጣች ወዲህ ስሟ እንደ አደጋ ጊዜ ጡሩምባው "ሳይረን" ሆኗል።

"ከረጢቶቹ ሞቀዋል። ጓንት አጥልቄ፣ በባዶ እጄ ሳልነካ ሰፋኋቸው።"

"ፀሐይ ነክቷቸው ይሆናል።"

"እዚህ ቤት ፀሐይ በየት ገብታ? ና ንካው እንጂ!"

መልሱን አልጠበቀችም።

ልጇ መጋዘኑ በር ላይ መዝገብ ታቅፋ ቆማለች። "እማዬ፣ ምነው? ፊትሽ አመድ መስሏል።"

"ቴርሞሜትሩን አምጪ።"

ልጅቱ የቴርሞሜትሩን የብረት ዘንግ አንዱ ከረጢት ውስጥ ሰካችው። ሃምሳ ስምንት ዲግሪ። ትንሽ ቆይቶ ስልሳ።

"አንቺ ውጪ፤ እኔ አወጣቸዋለሁ።"

"አንቺ ስትቃጠዪ እኔ ቆሜ ልይ? ይልቅ ጋሪውን ያዢ!"

ኃላፊው ሲደርስ አንዱን በመዳፉ ነካ። ከዚያ በኋላ ቀልድ አልወጣውም፤ እጅጌውን ሰብስቦ መሸከም ጀመረ። ለሦስት ሆነው ከረጢቶቹን ግቢው መሀል አራርቀው አስቀመጧቸው። ልጅቱ አንዱን ባነሳች ቁጥር፣ እናትየው አሁን እጇ ላይ ይፈነዳል ብላ ጋሪውን ታስጠጋላት ነበር።

አመሻሹ ላይ ሰማዩ ጠቆረ።

"ወደ አርባ አምስት ወርዷል" አለ ኃላፊው። "መልሳችሁ አስገቡት። ዝናብ ካገኘው የቀን ሥራችን ገደል ገባ፤ እኔም አብሬው።"

"ከሠላሳ በላይ የሞቀ አይገባም" አለች ልጅቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"ሕጉን እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ! የማታስገቢ ከሆነ ነገ እዚህ በር ላይ እንዳላይሽ።"

የልጅቱ እጅ ቀስ ብሎ ወደ ጋሪው ሄደ።

"የመጋዘኑን ቁልፍ ስጪኝ" አለች እናትየው።

"እማዬ፣ የምጠየቀው እኮ እኔ ነኝ።"

"ለዚህ ነው ስጪኝ ያልኩሽ።"

ልጅቱ እናቷን አየቻት፣ ኃላፊውን አየችው፤ ቁልፉን ሰጠቻት። እናትየው ከባዱን በር በትከሻዋ ገፍታ ገጠመችው።

"ነገ ማን ዘጋው ሲሉህ፣ እኔን ጥራ" አለችው።

ዝናቡ ከረጢቶቹን መደብደብ ጀመረ። ቁልፉ የበሩን ቀዳዳ ሁለቴ ሳተ፤ በሦስተኛው ገባና ዞረ።