ቀይ መስመር ያለው ጨርቅ

በመጋዘኑ ውስጥ ሰባት የጦርነት ዘመን የቅኝት ጀልባ ሞተሮች ተደርድረዋል። ስድስቱ ታድሰው፣ ብርማ ቀለም ተቀብተው፣ ሰው ገድለው የማያውቁ ይመስል ያብለጨልጫሉ። ሰባተኛውን ግን ሽማግሌው መካኒክ ማንም እንዲነካው አልፈቀደም።

ይህን ሰው ሁሉም «ብሎን» ይለዋል፤ አንዴ ከያዘ አይለቅም ለማለት ነው። ስድስቱን ሞተሮች ያደሰውም ሰባተኛውን ለመክፈት ሲል ብቻ ነበር። ሰባተኛው የታላቅ ወንድሙ ሞተር ነዋ።

ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ያች ጀልባ ውጊያ መሃል ቀጥ ብላ ቆመች። የቆመች ጀልባ ለተኳሽ ሠርግ ናት፤ ዘጠኝ ሰው አለቀ። ሞተረኛው ወንድሙም እዚያው ታች ሞተ። መርማሪዎቹ የነዳጁን መዝጊያ ተዘግቶ አገኙትና «ሞተረኛው ፈርቶ ሞተሩን አጠፋ» ብለው ጻፉ። በዚያች አንዲት መስመር ሚስቱ የፈሪ ሚስት ተባለች። ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ በአባቱ ሳይሆን በእናቱ አባት ስም ተመዘገበ። ያሳደገው አጎቱ ብሎን ነው።

አሁን ሞተሮቹ የሚታዩበት የጦርነቱ መታሰቢያ አዳራሽ ሊከፈት ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። በየሞተሩ ፊት ታሪኩ ይለጠፋል። ያች መስመር መስታወት ለብሳ ልትቆም ነው።

ሰኞ ጠዋት ብሎን የሰባተኛውን ሞተር የታችኛውን ክዳን ፈታ። የሞተሩ መዞሪያ ክራንክ ሻፍትና የሚደገፍበት ኩሽኔታ ቀልጠው ተጣብቀው አንድ ብረት ሆነዋል። ሞተሩን ማንም አላጠፋውም፤ ዘይት አጥቶ፣ ግሎ፣ ብረት ብረትን ነክሶ ነው የቆመው። ከኋላ ባለው ከባድ የብረት ጎማ ቀዳዳ ውስጥ ደግሞ ሞተር በእጅ የሚዞርበት ዘንግ እንደተሰካ ነበር፤ ጎብጧል። ዘንጉ ከመሰካቱ በፊት ነዳጅ ይዘጋል፤ አለዚያ ሞተሩ ድንገት ተነስቶ ክንድ ይሰብራል። ይህን የማያውቅ መካኒክ የለም። መርማሪዎቹ ግን መካኒክ አልጠየቁም፤ ጫማቸው ግራሶ እንዳይነካው ሳይሰጉ አልቀሩም።

ብሎን ወደ ወንድሙ ሚስት ደወለ። «እትዬ! አልፈራም! ጀልባዋ ላይ ጥይት እየዘነበ እሱ ሞተሩን በእጁ ሊያዞር ሲታገል ነው የሞተው! አርብ ይምጡና በዓይንዎ ይዩት!»

ስልኩን ከዘጋ በኋላ ነው ነገሩ የከነከነው። ዘይቱን ምን አጠፋው? ይህ ካልታወቀ ወንድሙ ከፈሪነት ወደ ዝርክርክነት ተዛወረ እንጂ ነፃ አልወጣም። ዘይት መሳቢያውን ቧንቧ ፈታና በሽቦ ጎረጎረው። ከእጥፋቱ ላይ የጠቆረ ጨርቅ ወጣ። በናፍታ ሲያጥበው ቀይ መስመር ብቅ አለ።

ጨርቁን አወቀው።

ያኔ ብሎን ይህንኑ ሞተር በጠገነበት ክፍል ሕግ ነበር። ቧንቧ ሲፈታ ቆሻሻ እንዳይገባ አፉ በጨርቅ ይወተፋል። የተረሳ ጨርቅ ባለቤቱ እንዲታወቅ፣ እያንዳንዱ መካኒክ የራሱ ዓይነት ጨርቅ አለው። ጫፉም አንድ ስንዝር ወደ ውጭ ይንጠለጠላል። ቀይ መስመር ያለው የፍራሽ ጨርቅ የአንድ ሰው ነበር፤ የብሎን። ጫፉንም ያስገባው እሱ ነው፤ አለቃቸው «ይኼ ጥገና ክፍል ነው ወይስ የልብስ ማስጫ?» ብሎ ስላፌዘበት።

አራት ቀን እህል በአፉ አልዞረም። ጨርቁን ለማቃጠል ሁለት ጊዜ ክብሪት ጫረ። ሁለቴም አጠፋው።

አርብ የወንድሙ ሚስት ነጠላዋን አጥብቃ መጣች። የአዳራሹ ኃላፊም ከራቫቱን እያስተካከለ ተከተላት። ብሎን ዘንጉን አሳያት። በሁለት እጇ ያዘችው።

«ከዚህ እስከ ሞተር ክፍሉ በር ስንት እርምጃ ነበር?» አለች።

«ሦስት።»

«አልወጣም?»

«አልወጣም፣ እትዬ።» ከዚያ ጨርቁን ዘረጋላት። «ዘይቱን የዘጋው ይኼ ነው። የረሳሁት እኔ ነኝ።»

ጨርቁን አየችው፤ እሱንም አየችው። «መቼ አወቅክ?»

«ሰኞ። ከደወልኩ በኋላ።»

«ሰኞ ዕለት ዘመድ ጎረቤቱን ሰብስቤ እልል አልኩ» አለች። «አንተ ያን ጊዜ ይኼን ይዘህ ተቀምጠህ ነበር ማለት ነው፣ ዋርሳዬ?»

ብሎን ጨርቁን ሰባተኛው ሞተር ላይ አስቀመጠው።

ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «እናቴ፣ እኛ እኮ ነገሩን ለማብረድ "በጠላት ጥይት ተመታ" ብለን ብናልፈው...»

«ልጄ፣ አቁም!» አለችው። «"ፈሪ" ብላችሁ ስትጽፉ እጃችሁ አልተንቀጠቀጠም፤ እውነት ሲመጣ ነው የሚንቀጠቀጥባችሁ? ጻፍ። የዋርሳዬንም ስም አስገባ።»

«ይጻፍ» አለ ብሎን። «ግን ሙሉውን ጻፍ። ከጥገና የወጣ ሞተር አንድ ሰዓት ሙሉ ወደብ ላይ ታስሮ ይሞከራል። ቢሞከር ኖሮ እዚያው ነክሶ ይቆም ነበር፤ ሰው አይሞትም። ወንድሜ ይሞከር ብሎ ለምኗል፤ አለቃችንም እኔም ሰምተናል። የጀልባዎቹ አዛዥ "ጊዜ የለም፣ ውጡ" አለ። ይህንም ጻፍ!»

ኃላፊው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አዛዡ እኮ... አዳራሹ የሚጠራው በእሳቸው ስም ነው።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ፣ የእርስዎን እጽፋለሁ። የእሳቸውን አልችልም። ወይ ይህን ይፈርማሉ፣ ወይ የድሮው ጽሑፍ እንዳለ ይለጠፋል።»

ብሎን በእጁ የነበረውን መፍቻ ወረወረው፤ የአንዱን ሞተር ብርማ ቀለም ላጠው። «በመጀመሪያ ሬሳ ላይ ላከካችሁ፤ አሁን ደግሞ ሽማግሌ ላይ! አዛዥ አይሳሳትም፣ አይረሳም፣ አይሞትም አይደል?»

ኃላፊው የብሎንን ጥፋት ብቻ ጽፎ ወረቀቱን ዘረጋ። ለእሱ ነገሩ ተመችቶታል፤ ጥፋተኛው አንድ ሰው ነው፣ ያውም ያመነ። ብሎን ወደ ወንድሙ ሚስት ዞረ። እሷ ወረቀቱን እንጂ እሱን አላየችም።

«ፈርም» አለች።

ፈረመ። ዘጠኝ ሰው ያለቀበት ውጊያ በእሱ ፊርማ የአንድ መካኒክ መርሳት ብቻ ሆኖ ቀረ። ወንድሙ ግን ነፃ ወጣ።

ግልባጩን አጣጥፋ ከያዘች በኋላ ልጇ ጋ ደወለች። ጀርባዋን ለብሎን ሰጥታ፣ በሩ ላይ ቆማ ነው።

«ስማ ልጄ፣ አባትህ አልፈራም... አዎ፣ በወረቀት፣ ተፈርሞ... አልቅስ፣ ይውጣልህ...» የልጇን ጥያቄ ደገመችው። «ማን ነው የፈረመው?»

ብሎን ወደ በሩ ቀና አለ።

«አጎትህ» አለች።