እንቁላል በመስታወቱ ላይ

ጋሬት ሆሊስ ጠዋት እንቁላል በቋሊማ እንደበላ አውቃለሁ፤ አይቼዋለሁ። ያየሁት ግን ሳህን ላይ አይደለም።

ሂውስተን ውስጥ፣ ጠፈርተኞች በሚለማመዱበት ትልቅ ገንዳ ጠላቂ ነኝ። ሰልጣኙ በዚያ ከባድ ልብሱ እንዳይሰምጥም እንዳይንሳፈፍም፣ ደረቱና ቁርጭምጭሚቱ ላይ ብረትና ስፖንጅ እየጨመርንና እየቀነስን እናመዛዝነዋለን። እሱ በሬዲዮ ያወራል። እኛ ውሃው ውስጥ ባለው ድምፅ ማጉያ እንሰማዋለን እንጂ መመለስ አንችልም፤ አፋችን በአየር ቧንቧ ተይዟል።

የዚያን ቀን ጋሬት ከጠፈር ጣቢያው አምሳያ ሆድ ሥር ተዘቅዝቆ ብሎን ይፈታ ነበር። ባልደረባዬ ቲቦዶ እግሩን ይዟል፤ እኔ ፊቱ ጋ ነኝ። ውሃው የሚያንሳፍፈው ልብሱን እንጂ ውስጡ ያለውን ሰው አይደለም። የተዘቀዘቀ ሰው እንደተዘቀዘቀ ነው፤ ደሙም ቁርሱም ወደ ራሱ ይወርዳሉ።

መጀመሪያ ጉንጩ ተነፋ። ከዚያ ከከንፈሩ ጥግ ቢጫ ነገር አመለጠና በአፍንጫው በኩል ወደ ቅንድቡ ወረደ። ፍርፋሪው የራስ ቁሩ መስታወት ላይ ተለጠፈ።

"ጋሬት፣ እንዴት ነህ?" አለ የአሠልጣኙ ድምፅ።

ጋሬት ዋጠው። ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ አየሁት። ምላሱ የደረሰበትንም ከከንፈሩ ላይ ላሰ።

"ደህና ነኝ። እንዲያውም ተመችቶኛል።"

ከዚያ እኔን አየና በወፍራሙ ጓንት ጣቱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ። እንዳትናገሪ ማለቱ ነው። በዓይኑም ጠቀሰኝ፤ ሽፋሽፍቱ ላይ እንቁላል ነበረበት።

ጉንጩ እንደገና ተነፋ። እንደገና ዋጠ። እዚያ ውስጥ ቢታነቅ የገዛ እጁ እንኳ አፉ ጋ አይደርስም፤ እኔማ ምን አደርግለታለሁ? ከላይ ለሚከታተሉን በካሜራው የ"አቁሙ" ምልክት ሰጥቼ ትከሻውን ያዝኩና ቀና አደረግኩት።

"ይቺ ጠላቂ ምን ነካት?" አለ ጋሬት በድምፅ ማጉያው። "ማን አዟት ነው? ሌላ ሰው ላኩልኝ!"

ላይ ወጥተን የራስ ቁሩ ሲከፈት ሽታው ሁላችንንም አንድ እርምጃ ወደኋላ ገፋን።

"ኧረ በፈጠረሽ!" አለኝ ቲቦዶ አፍንጫውን ይዞ። "ይሄ ሰውዬ ቁርሱን ሁለቴ ነው እንዴ የሚበላው?"

"ሦስቴ" አልኩት።

የጠላቂዎቹ አለቃ ሮስኮ ክንዴን ይዞ ገለል አደረገኝ።

"ስሚ ሎርና፣ ባለፈው ወርም አስታውኳል። ዛሬም ደገመው ከተባለ ከመጋቢቱ የጠፈር በረራ ይወጣል። 'በኃይል ስላዞርኩት ነው' በያቸው። አንቺ ምን ትሆኛለሽ? ተግሣጽ ነው፣ በቃ።"

"አለቃ፣ እኮ ዋጠው! እየዋጠ ደህና ነኝ ይላል።"

"ጀግና ነዋ!" ብሎ ሳቀ።

ከእንቁላሉ ይልቅ ሳቁ ቀፈፈኝ።

የሰልጣኞቹ ሐኪም ዶክተር ፕሩዊት መጣችና ጋሬት ፊት በርከክ አለች።

"ምን ይሰማሃል?"

"ደህና ነኝ። እንዲያውም ተመችቶኛል።" ያው ድምፅ ነው፤ ከውሃ ውስጡ ቅንጣት አልተለወጠም። "እሷ ናት እንደ ጥብስ ስታገላብጠኝ ያመጣችብኝ።"

ዶክተሯ ወደ እኔ ዞረች። "በኃይል አዙረሽው ነበር?"

ሮስኮ ዓይኑን አልነቀለብኝም።

"ሳላዞረው በፊት ነው" አልኩ። "ሁለቴ ወደ አፉ መጣ፤ ሁለቴም ዋጠው። ከላይ እንዴት ነህ ሲሉት ደህና ነኝ አላቸው።"

"ውሸታም!" አለ ጋሬት። ቃሉ ከነሽታው ፊቴ ላይ አረፈ።

ዶክተሯ አልተቆጣችም። "ጋሬት፣ ልድገምልህ። ምን ይሰማሃል?"

"ደህ..." አለና ጉንጩ ተነፋ።

ባልዲውን አንስቼ አገጩ ሥር ያዝኩለት። ባልዲውን አየ። ሮስኮን አየ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ በሁላችንም ፊት ዋጠው።

"አራት" አለ ቲቦዶ ቀስ ብሎ። ማንም አልሳቀም።

"ልብሱን አውልቁለት" አለች ዶክተሯ ብድግ እያለች። "ለመጋቢትም ሌላ ሰው ፈልጉ።"

ባልዲውን ወደ ቦታው መለስኩት። ጠብታ እንኳ አልነካውም።